ከልብ የተሰጠች ሽጉጥ

የመንግስትኣብ ታናሽ ወንድም ረዳኢ የታሰረው ስለሳቀ ነው። ከዚህ ሌላ የተደበቀ ነገር ይኖራል ብሎ የሚጠረጥር ካለ አይድከም፤ ፋይሉ ላይ የሰፈረው ይኸው ብቻ ነው፦ «ተጠርጣሪው በሥራ ሰዓት፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ከበላይ አለቃው ፊት ቆሞ፣ ያለ ምክንያት ሳቀ።»

ጊዜው ስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የወጣበት። አስመራ ውስጥ በምክንያትም ሆነ ያለ ምክንያት መታሰር ብርቅ አልነበረም። ያለ ምክንያት ስቆ መታሰር ግን አዲስ ነገር ስለሆነባቸው፣ መርማሪዎቹ ከየትኛው አንቀጽ ሥር እንደሚያስገቡት ተቸግረው ሰባት ሳምንት አቆዩት። በሳምንት አንድ ቀን ያስጠሩትና «ለምን ሳቅህ?» ይሉታል። «እንዲሁ» ይላል። «እንዲሁ» ብለው ይጽፋሉ። ይመልሱታል።

የሳቀው በሻለቃው ሽጉጥ ነው። ሻለቃው ከአዲስ አበባ ተሹሞ የመጣ ሰው ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት የከተማው ነጋዴዎች አንድ አሜሪካ ሠራሽ ሪቮልቨር ሸልመውታል። አምስት ጥይት የምትጎርስ፣ ከአፈሙዟ እስከ ቃታዋ ከማይዝግ ብረት የተሠራች፣ የሽጉጥ ሙሽራ። በግራ ጎኗ፣ ከጎራሹ ኋላ ባለው ዝርግ ገጽ ላይ፣ «ከልብ የተሰጠ» ተብሎ ተቀርጾባታል። ሻለቃው እንግዳ በመጣ ቁጥር ከወገቡ ይመዛትና ጠረጴዛው ላይ ያጋድማታል፤ ጽሑፉን በጣቱ እየተከተለ ጮክ ብሎ ያነበዋል፤ ከዚያ «ይህ ሕዝብ እንዴት እንደሚወደን አያችሁ?» ይላል። ያን ቀን የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ረዳኢ ፋይል ታቅፎ ገብቶ ነበር። ሽጉጧን አየ፤ ከአፍንጫው ትንፋሽ አመለጠው። ሳቅ የተባለው ይኸው ነው።

መንግስትኣብ ወንድሙ ምን እንዳየ አያውቅም ነበር። ረዳኢ ለማንም አልተናገረም፤ ለሚስቱ ለለተሰንበት እንኳ።

እንግዲህ መንግስትኣብ ብረት ይወለውላል። ዓኽርያ ሰፈር ውስጥ አንዲት በር ብቻ ያላት ሱቅ አለችው፤ የቤተ ክርስቲያን መስቀል፣ የቡና ቤት ማሽን፣ የመኪና ጌጥ፣ የሠርግ ማንኪያ ያመጡለታል። ሰፈሩ «የብረት ሊስትሮ» ይለዋል። ሙያውን የለመደው ከአንድ ጣሊያን ዘንድ ነው፤ ጣሊያኑ አገሩ ሲገባ የሚሽከረከረውን የመወልወያ ሞተር ይዞት ሄደ፤ መንግስትኣብ በእጁ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሞተር የሚባል ነገር አይወድም። «ሞተር ይቸኩላል» ይላል፣ «ጥጉን ሁሉ ሳሙና አስመስሎ ነው የሚመልስልህ።»

ሌላ አንድ የሚኮራበት ነገር አለው፦ አማርኛው። ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ የማታ ትምህርት ገብቶ ተምሯል፤ የምስክር ወረቀቱ ሱቁ ግድግዳ ላይ፣ ከማርያም ሥዕል ቀጥሎ ተሰቅሏል።

አንድ ሰኞ ሻለቃው አስጠራው።

«ብረት ታጸዳለህ አሉኝ።»

«አዎን፣ ክቡር ሻለቃ። አጸዳለሁ፤ እወለውላለሁ፤ አንጸባርቃለሁም።»

ሻለቃው ቀና አለ። «አማርኛህ ጥሩ ነው።»

መንግስትኣብ በዚያች ሰዓት፣ ወንድሙ ታስሮ፣ ያሰረው ሰው ፊት ቆሞ፣ ደስ አለው። በኋላ ሲያስበው ያሳፍረው የነበረው ይኸ ነው።

ሽጉጧ ጠረጴዛው ላይ ናት። ሁለት ዓመት ወገብ ላይ መዋል ምን እንዳደረጋት ያስታውቃል፤ ቁልፍ ፍቋታል፣ ዘለበት ቧጭሯታል፣ መኮንኖች ክበብ ውስጥ አንድ ጊዜ ሸክላ ወለል ላይ ወድቃለች። ወዟ ጠፍቶ ዳመና የለበሰች መስላለች።

«እሑድ ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ ይመጣል» አለ ሻለቃው። «እንደተሰጠችኝ ቀን ሆና ማየት እፈልጋለሁ። ጭረት የሚባል እንዳላይ። ጽሑፏ ግን እንዳይነካ። ጽሑፏ ክብሬ ናት፣ ገባህ?»

«ገብቶኛል፣ ጌታዬ። የወንድሜስ ነገር?»

«የማን?»

«የረዳኢ። የ… የሳቀው።»

«እ! እሱ። ቅዳሜ ሽጉጧን ይዘህ ትመጣለህ፤ እኔም ፋይሉን እዘጋዋለሁ።»

ጥይቱን አራግፎ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈ። ባዶዋን ሽጉጥ ግን ለሲቪል ሰው አምኖ መስጠት በዚያ ዘመን የማይታሰብ ስለሆነ፣ ሃብተጽዮን የሚባለውን ሽማግሌ ፖሊስ አብሮ ላከው። ሃብተጽዮን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሽጉጧን እንዲጠብቅ ታዘዘ፤ እሱም ሱቁ በር ላይ ሣጥን ዘቅዝቆ ተቀመጠና የሚጠብቀው ሻሂውን ሆነ።

መንግስትኣብ የእንጨት እጀታዋን ፈታ፤ ጎራሹን አወጣ፤ ብረቷን በቤንዚን አጠበ። መለያ ቁጥሯን በፕላስተር ሸፈነ። ከዚያ የወይን ጠርሙስ ቡሽ አነሣና የብርጭቆ ወረቀት ጠቀለለበት። ቡሽ የሚያስፈልገው ጣት ስለሚያታልል ነው፤ በጣት የተፈገፈገ ብረት ይጎደጉዳል። በመጀመሪያ በሻካራው ወረቀት ወደ አንድ አቅጣጫ፤ ቀጥሎ በለስላሳው፣ የፊተኛውን መስመር እያቋረጡ። የፊተኛው መስመር ጨርሶ ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው ወረቀት ማለፍ ነውር ነው።

«ይቺ አትላጥም» አለ ማክሰኞ ዕለት፣ ለሃብተጽዮን እያሳየ። «ኒኬል የተቀባ ቢሆን ትፍቀውና ከሥሩ ቢጫው ይወጣብሃል። ይቺ ግን እስከ ውስጧ አንድ ናት። የፈለግኸውን ያህል ብትፍቃት ያው ራሷን ነው የምታገኘው።»

«እንደሷ ያለ ሰው ካገኘህ ንገረኝ፣ ልጄን እድርለታለሁ» አለ ሃብተጽዮን።

ረቡዕ ቀትር ላይ ጭረቶቹ ተራ በተራ ሄዱ። መጀመሪያ የቁልፎቹ፣ ከዚያ የዘለበቱ፣ በመጨረሻም የሸክላው ወለል ጠባሳ። መንግስትኣብ ሽጉጧን ወደ በሩ ብርሃን አዘነበላት። አንዲት ብቻ ቀርታለች። በ«ብ» እግር ሥር።

ወረቀቱን ደገመ። አልሄደችም። ዓይኑን አስጠጋ። ይቺ እንደሌሎቹ በዘፈቀደ የመጣች አይደለችም፤ ከቀኝ እግሩ ጫፍ ተነሥታ፣ ወደ ቀኝ ታጥፋ፣ የፊደል ጸሐፊ እጁን የሚያነሣበት ቦታ ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች። ሰው በምስማር፣ አስቦ፣ ተጭኖ የሠራት ናት። «ብ» «ቢ» ሆና ትነበባለች።

ከልቢ።

በትግርኛ ከልቢ ማለት ውሻ ነው።

መንግስትኣብ ቡሹን አስቀመጠ። የማታ ትምህርቱ ትዝ አለው። አማርኛ የሚያስተምሯቸው የመንዝ ሰው አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «ከልብ አመሰግናለሁ» ብለው ጻፉና «በሉ አንብቡ» አሉ። ሠላሳ አራት ጎልማሳ፣ ግንበኛው፣ ሾፌሩ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ባንድ ላይ በሳቅ ፈነዳ። መምህሩ ግራ ገብቷቸው ሱሪያቸውን አዩ፤ የተፈታ ነገር የለም። ያን ዕለት ቀድሞ የሳቀው እሱ ራሱ መንግስትኣብ ነበር፤ ምስክር ወረቀት ያለው ሰው።

«ሃብተጽዮን» አለ። «ይህን አይተኸዋል?»

«የቱን?»

«ይህን።»

ሃብተጽዮን ሻሂውን እንደያዘ አንገቱን አሰገገ። «ዋእ! ኣንታ፣ አሁን ነው የምታየው? ቢሮው ሁሉ ካወቀው እኮ ዓመት ሆኖታል። ሻሂ የምታፈላዋ ትበርህ እንኳ ታውቃለች። ፊደል አትቆጥርም፤ ግን ታውቃለች።»

«ማነው የጻፈው?»

«እኔ የማውቀው ማን እንዳልጻፈው ነው። ሻለቃው አልጻፈውም።»

«ረዳኢ ይሆን?»

«አይፋል፣ ምን ረዳኢ! ረዳኢ የታሰረው ዘግይቶ ስላየ ነው። እኛ በየጓዳችን ስቀን ስቀን ጨርሰን ነበር፤ እሱ ከመዝገብ ቤቱ አቧራ ወጥቶ የመጀመሪያ ጊዜ አየ። ሲስቅ ብቻውን ሆነ። ብቻውን የሚስቅ ሰው ድሮስ ምን ይገጥመዋል?»

መንግስትኣብ ሥራውን እንደገና አየው። ነገሩ የገባው ያኔ ነው። ሰኞ ዕለት ይቺ እግር በመቶ ጭረት መካከል ተደብቃ ነበር፤ የሚያውቃት ካልሆነ ማንም አይለያትም። መቶውን እሱ አጠፋላት። አሁን እንደ መስተዋት በጠራ ብረት ላይ ብቻዋን ቆማለች፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ተቆጣጣሪ መነጽር ባያደርግም ያያታል። አስተርጓሚ ደግሞ ይዞ ይመጣል።

የጭረት ነገር እንዲህ ነው፦ ጭረት አይጠፋም። ዙሪያው ያለው ብረት ሁሉ ነው ተፍቆ ተፍቆ እሱ ወዳለበት የሚወርደው። ፊደላቱን የቀረጸው ሰው ጠንቃቃ ስለነበረ ለስለስ አድርጎ ነው የቀረጸው። ያቺን እግር የጨመረው ግን ክንዱን ሁሉ ጭኖባታል። ከጽሑፉ ውስጥ በእርግጥ ከልብ የተሠራችው እሷ ብቻ ናት። እሷን ላጥፋ ያለ ሰው ቃሏን አስቀድሞ ያጠፋል።

ሐሙስ ጠዋት ሽጉጧን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ሃብተጽዮንን አስከትሎ፣ እዳጋ ሓሙስ ሰፈር ማኅተምና ቀለበት የሚቀርጸው ሃብተማርያም ዘንድ ሄደ። ሐሳቡ ቃሏን አጥፍቶ እንደገና ማስቀረጽ ነው።

«አንዲት ቃል ብቻ ናት» አለው።

«ምን የምትል?»

«ከልብ።»

ሃብተማርያም ጋዜጣውን ገለጥ አድርጎ አየና መልሶ ሸፈነው። ወደ ሃብተጽዮን የደንብ ልብስ አየ። መሳቢያውን ዘጋ።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ‘የተሰጠ’ በለኝ፣ እቀርጽልሃለሁ። ‘ለዘላለም ይኑር’ በለኝ፣ በነጻ እቀርጽልሃለሁ። ያቺን ቃል ግን በዚህ ከተማ፣ በዚህ ጊዜ፣ በሽጉጥ ላይ? እጄ አያውቃትም።»

«ዓሥር ደቂቃ እኮ ነው።»

«ዓሥር ደቂቃ መቅረጹ ነው። ምን ማለቴ እንደሆነ ማስረዳቱ ስንት ዓመት ይፈጃል?»

ተመለሱ። ሱቁ ደጃፍ ሲደርሱ ሃብተጽዮን፣ «ተዋት እንዳለች» አለ። «ሁለት ዓመት ያላያት ሰው እሑድ ምን ሊያሳየው?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ቆሻሻ ነበረች። አሁን እኔ አጸዳኋት።»

ዓርብ ቃሏን ማጥፋት ጀመረ። ሻካራውን ወረቀት እንደገና ቡሹ ላይ ጠቀለለ። ቃሏን ብቻ ቢፍቅ ጉድጓድ ስለሚሆን፣ ገጹን በሙሉ እኩል ማውረድ ነበረበት፤ «የተሰጠ»ን ሳይነኩ ደግሞ ገጹን በሙሉ ማውረድ አይቻልም። ስለዚህ ከቃሏ ጀምሮ ወደ «የተሰጠ» እየሳሳ የሚሄድ፣ ዓይን የማይለየው ቁልቁለት አበጀ። በሙያ ዘመኑ ሁሉ ይህን የመሰለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። መጀመሪያ «ከ» ሄደች፤ ቀጥሎ «ል»። «ብ» ፊደልነቷን ጥላ ቀጭን ፀጉር መሰለች፤ እግሯ ግን እንደቆመች ነበር። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ላይ፣ ከምንም በታች የቆመች አንዲት እግር ብቻ ቀረች። ከዚያ እሷም ሄደች።

ለስላሳውን ወረቀት በዘይት አስከተለ፤ ቅባቱን በጨርቅ አሸ፤ አፈሙዟን ልክ እንደ ጫማ ሊስትሮ በረጅም ቁራጭ ጨርቅ ወዲያና ወዲህ ጎተተ። ሲጨርስ የራሱን ፊት ብረቱ ውስጥ አየው። በግንባሩ ላይ «የተሰጠ» የሚል ተጽፎበታል።

ቅዳሜ ቀትር ሲቃረብ ሻለቃው ሽጉጧን ተቀብሎ መስኮቱ ዘንድ ሄደ። አፈሙዟን አየ፤ ጥርሱን አየባት፤ ፀጉሩን አስተካከለባት።

«አንተ ሰው! የተሰጠችኝ ዕለት እንኳ እንዲህ አልነበረችም!» ገለበጣት። ጣቱን እንደልማዱ ጽሑፉ የሚጀምርበት ቦታ ላይ አሳረፈ። ጣቱ ተንሸራተተ። «…የተሰጠ» ብሎ አነበበ። መልሶ ወደ ኋላ ሄደ። «ልቡስ?»

«ጌታዬ?»

«ልቡስ የት ሄደ?»

መንግስትኣብ ሌሊቱን ያዘጋጃት ዓረፍተ ነገር ነበረችው፤ ሰዋስዋ ያልተዛነፈ። «እዚያ ላይ የነበረው ጭረት እጅግ ጥልቅ ስለነበረ፣ ክቡር ሻለቃ፣ ጭረት እንዳይታይ ያዘዙኝን ለመፈጸም ስል…»

«ልክ ልቡ ላይ?»

«ልክ እዚያ ላይ።»

ሻለቃው ወደ በሩ ዞረ። ከዚያ ጮኸ፤ «ሃብተጽዮን!» ሽማግሌው ከበሩ ገብቶ ተረከዙን አጋጨ። «እዚህ ላይ ምን ነበር?»

«አላውቅም፣ ጌታዬ!» አለ ሃብተጽዮን፣ ጣሪያውን እያየ። ሁሉም በደህና ባለፈ ነበር። ግን ባዶውን ቦታ በዓይኑ ጠርዝ አየው መሰለኝ፤ ከአፍንጫው ትንፋሽ አመለጠው።

ሻለቃው ያንን ድምፅ ያውቀዋል።

መቆጣት ሲጠበቅበት ተረጋጋ። ለመንግስትኣብ ወንበር ሳበለት። ከመሳቢያው የረዳኢን ፋይል አወጣና መካከላቸው አስቀመጠው።

«ይህ ፋይል ሰባት ሳምንት ለምን እንዳልተዘጋ ታውቃለህ? ምክንያት የሚለው ቦታ ባዶ ስለሆነ ነው። ምክንያት የሌለው ፋይል አይዘጋም፤ እኔ ብፈልግም አይዘጋም። ወንድምህ ምክንያቱን ደብቆ ራሱን አሳሰረ። አንተ አዋቂ ሰው ነህ። ምክንያቱን ስጠኝና አሁኑኑ፣ ዓይንህ እያየ፣ ልዝጋው።»

መንግስትኣብ ማታ ትምህርት ቤት የተማረው አማርኛ ሁሉ እንዲህ ዓይነት ነበር፦ ይህን ካደረግህ ያ ይሆናል። ደግሞስ፣ ብሎ አሰበ፣ በምክንያት የሳቀ ሰው እብድም ዐመፀኛም አይደለም፤ ማንም ቢሆን ይስቃል። ፋይሉ ይዘጋል፤ በሩ ይከፈታል። ስለዚህ ተናገረ። የ«ብ»ን እግር በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ሣለለት። ሁለቱ ቋንቋዎች እንዴት እንደሚገናኙና እንዴት እንደሚጣሉ አስረዳ። «ውሻ» የምትለዋን ቃል ሲደርስባት ግን ድምፁ ዝቅ ስላለ፣ ሻለቃው «ምን?» እያለ ሁለት ጊዜ አስደገመው።

ሻለቃው ሽጉጧን አንሥቶ ባዶውን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

«ሠርግ ላይ አንብቤዋለሁ» አለ ሻለቃው በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። «የተማሪዎች ምረቃ ላይ… በድምፅ ማጉያ።»

ያን ጊዜ መንግስትኣብ አዘነለት። ይህም ሌላው የሚያሳፍረው ነገር ነው።

ሻለቃው ብዕሩን አቀበለው። «ጻፈው። እዚህ አስተርጓሚ የለንም፤ አማርኛህ ደግሞ ጥሩ ነው።»

መንግስትኣብ በዚያ በጥንቃቄ በተማረው የእጅ ጽሑፉ፣ ነጥቡን ሳያጓድል ጻፈ። ፈረመ። ሻለቃው ወረቀቱን አነበበ፤ ከላይ «ያለ ምክንያት ሳቀ» ከሚለው ውስጥ «ያለ»ን ሰረዘና «በ» ጨመረባት፦ «በምክንያት ሳቀ።» ከሥሩ ደግሞ በራሱ እጅ አከለ፤ እየጻፈም አነበበው። «ምልክቱን አይቶ ወዲያው መሳቁ፣ ምልክቱን የሠራው እሱ ራሱ መሆኑን ያስረዳል። ለወታደራዊ ፍርድ ቤት ይቅረብ።»

«ኧረ ጌታዬ! እሱ አይደለም! ይህንን እኮ ሁሉም…»

«ሁሉም ምን?»

ሃብተጽዮን በሩ ላይ ቆሟል። ጣሪያውን አያይም አሁን፤ መንግስትኣብን ነው የሚያየው። መንግስትኣብ የሽማግሌውን ልጆች አሰበ፤ ሻሂ የምታፈላዋን ትበርህን አሰበ፤ የቢሮውን ሰው ሁሉ፣ እስር ቤቱ ደጃፍ ስንቅ ይዘው የሚሰለፉትን ሚስቶች ሁሉ።

«እንዲሁ ነው» አለ።

ሻለቃው ፋይሉን ዘጋው። በገመድ አሰረው፤ እንደገናም አሰረው። «ቃሌን ጠብቄያለሁ» አለ። «አንተ ደግሞ ማስረጃ አጥፍተሃል። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ የሥራ ሰዓት አልቋል። ሰኞ ጠዋት ራስህ ትመጣለህ። ብርድ ልብስ ይዘህ።»

ለተሰንበት ከግቢው ውጭ፣ ከፌርማታው አጠገብ፣ የረዳኢን ኮት በክንዷ ይዛ ቆማ ነበር። ቤት ቆይ ብሏት ነበር፤ መቼ ትሰማለች። ሮጣ መጣች።

«ኣያ! ምን አሉህ? ሽጉጡን ወደደው?»

«ወዶታል።»

«ፋይሉስ?»

«ፋይሉ ተዘግቷል» አለ መንግስትኣብ፤ የሚቀጥለውንም ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር።

አልጠበቀችውም። እልልታዋ ሊያመልጣት ሲል በኮቱ አፏን አፈነች፤ የፌርማታው ሰው ዞሮ አያት። «ተመስገን! ተመስገን፣ ማርያም! መቼ?»

«ሰኞ…» አለ። «ሰኞ ብርድ ልብስ ይዘህ ና ብሎኛል።»

«ታዲያስ! ከስቶ ይሆናላ፤ ይኼ ብርድ ይጎዳዋል። አሰቡለት ማለት ነው።» እንባዋን በኮቱ እጅጌ ጠረገች፤ ወዲያው መመካከር ጀመረች። «ያንን የሱፍ ብርድ ልብስ ነው የምንወስድለት፣ የሠርጋችንን። ነገ ከቅዳሴ መልስ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። እንደተቀመጠ ነው፣ አንድ ቀዳዳ የለውም።»

አውቶቡሱ መጣ። እሷ ቀድማ ወጣችና ለሁለቱም ቦታ ያዘች፤ መንግስትኣብ አጠገቧ ተቀመጠ። ሁለቱ ቋንቋዎቹ አፉ ውስጥ ነበሩ፤ አንዳቸውም አልወጣለትም።

«ለተሰንበት።»

«አቤት፣ ኣያ።»

«ብርድ ልብሱ… ለሁለት ሰው ይሆናል?»

«ለሁለት?» ሳቀች፤ ከሰባት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ኧረ ለሦስትም ይበቃል!»